«በባትሪው ውስጥ ስንት ቀረ?» — የማይታየውን ነገር የመለካት ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፥ ሌሎቹም ስለ ቡና ንግድ እንጻፍ ብለው ነበር። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ግን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ስለ ጻፉባቸው፥ እኛ ወደ አንዲት ታናሽ ወደምትመስል ጥያቄ አዘነበልን። ይህችውም ጥያቄ በአወቱ መንደራ ካሉት የመኪና መጠገኛዎች በየቀኑ የምትሰማው፥ «ባትሪው ስንት ቀርቶታል?» የምትለው ናት። ታናሽ ትምሰል እንጂ መልሷን ለማግኘት ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደክመውባታል፤ ዛሬም ፈጽማ አልተመለሰችም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመኖች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

በቋንቋችን «ባትሪ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የእጅ መብራት ነው። በውስጡ የሚገባውን ደግሞ ሕዝቡ «የባትሪ ድንጋይ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ በከንቱ የወጣ አይመስለንም። የሞላውም ያለቀውም ድንጋይ መልኩ አንድ ነው፥ በእጅ ቢመዝኑትም ልዩነት የለውም። የትራንዚስተር ሬድዮ በገጠር በተስፋፋበት ዘመን፥ ዜና በመሰማት ላይ ሳለ ድምፁ ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት በየቤቱ የተለመደ ነበር። ከተሰጡ በኋላ ሬድዮው ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያም መልሶ ዝም ይላል። ይህ ነገር የቀልድ ቢመስልም የጉዳዩ ቁልፍ በውስጡ አለ። ባትሪ ሲያርፍ ቮልቱ ከፍ ይላል፥ ሲሠራ ዝቅ ይላል፥ ሲሞቅና ሲበርድም ይለዋወጣል። ስለዚህ ቮልቱን ብቻ አይቶ በውስጡ የቀረውን መጠን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ ነው። በ1800 በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ በዚንክና በብር ሳንቲሞች መካከል እየደረደረ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ማግኘቱን ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ አስታወቀ። በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ እርሳስና አሲድ ያለበትን፥ ሲያልቅ እንደገና የሚሞላውን ባትሪ ሠራ። ዛሬ በየጭነት መኪናው ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። በ1897 ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ አንድ አስደናቂ ነገር ገለጠ፤ ይኸውም ባትሪ በዝግታ ሲጠቀሙበት ብዙ፥ በጥድፊያ ሲስቡት ግን ጥቂት እንደሚሰጥ ነው። እንግዲህ «የዚህ ባትሪ ችሎታ ይህን ያህል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ሙሉ እንዳልሆነ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ታውቋል።

ቡናችንን ወደ አዲስ አበባ ያጓጉዙ የነበሩት ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት የኢጣሊያ መኪናዎች በመንገዱ ላይ በነበሩበት ዘመን፥ የባትሪ ሐኪሙ ኤሌትራውቶ ነበር፤ ዛሬም ነው። የእርሱ ዘዴ ቀላልና የተከበረ ነው። የባትሪውን ክዳን ፈትቶ አሲዱን በመስታወት ቱቦ ይስባል፤ በቱቦው ውስጥ የምትንሳፈፈው መለኪያ 1.27 አካባቢ ብትቆም ባትሪው ሞልቷል፥ ወደ 1.12 ብትሰምጥ አልቋል ማለት ነው። ሥራውን በጠየቅንበት ጊዜ ያስተዋልነው ግን ከቁጥሩ ይልቅ የባለሙያውን ትዕግሥት ነው። መለኪያይቱ ስትወዛወዝ ቁጥሩን አያነብም፤ የአየር አረፋው እስኪጠፋ ይጠብቃል፥ ቱቦውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፥ ከሁለት ከሦስት ክፍል ቀድቶ ያስተያያል። የቡና መዛኙም ፈረሱላውን ሲመዝን የሚዛኑን የመጀመሪያ ውዝዋዜ አይጽፍም። በመለኪያ ላይ የሚደርሰውን ይህን መዋለል መሐንዲሶች «ጫጫታ» ይሉታል፤ እውነተኛውን ቁጥር ከጫጫታው ለይቶ የሚያወጣውን ዘዴ ደግሞ «ማጣሪያ» ይሉታል። ይህ ማጣሪያ ወንፊት ወይም ጨርቅ አይደለም፤ የሒሳብ ሥራ ነው።

አሁን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ናቸውና። አንደኛው በባትሪው ውስጥ አሁን ያለው መጠን ነው፤ ሁለተኛው ባትሪው በጠቅላላ ሊይዝ የሚችለው መጠን ነው። ለዚህ ከጎረቤታችን ከግልገል ጊቤ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ከ2004 ጀምሮ የሚሠራውና 184 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል ያለው ይህ ግድብ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት አለው። ምልክቱ ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ፥ ከሥር ምን ያህል ደለል እንደ ተኛ አይናገርም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ደለል ማጥናታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ እስከ አፉ ሞልቶ ቢታይም ደለሉ ቦታውን ከያዘው የውሃው መጠን ካለፈው ዓመት ያነሰ ይሆናል። ባትሪም እንደዚሁ ነው፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ውስጡ ይጠባል። ጠቋሚው «መቶ ከመቶ» ይላል፤ ነገር ግን የዛሬው መቶ የዱሮው ሰማንያ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የቀረውን እንዴት ይቆጥሩታል? ቀላሉ ዘዴ እንደ ገንዘብ ያዥ የገባውንና የወጣውን ጅረት መዝግቦ ማቻቻል ነው። ይህ ዘዴ ለጥቂት ሰዓት በጣም መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ይበላሻል። ለምሳሌ ያህል የጅረት መለኪያው በአንድ አሥረኛ አምፔር ብቻ ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በአሥር ቀን ውስጥ 24 አምፔር ሰዓት ይደርሳል። ይህም የአንድ መለስተኛ የመኪና ባትሪ ግማሽ ያህል ነው። ስሕተቱ በየደቂቃው ስለሚደመር ራሱን አያርምም። ሁለተኛው ምስክር ቮልት ነው። ቮልት ያለፈውን ስሕተት አይሸከምም፤ ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርነው ይዋልላል።

እንግዲህ አንድ ዳኛ ሁለት ምስክሮች ቀርበውለት፥ አንደኛው ጥንቁቅ ሆኖ ቀስ በቀስ ከእውነት የሚርቅ፥ ሁለተኛው ቀጥተኛ ሆኖ የሚንተባተብ ቢሆኑ ምን ይፈርዳል? የዚህ ታሪክ ወደ ሰማይ ይወስደናል። በጥር 1 ቀን 1801 ፒያሲ የተባለ ኢጣሊያዊ ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ ፕላኔት አገኘ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። በዚያ ጊዜ ሃያ አራት ዓመት የሆነው ጋውስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ፥ ስሕተት ያለባቸውን ጥቂት መለኪያዎች አጣጥሞ የምትገኝበትን ቦታ አሰላ፤ በዓመቱ መጨረሻም እርሱ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች። ስሕተት ካለባቸው ብዙ መለኪያዎች ከእያንዳንዱ የተሻለ አንድ ግምት ማውጣት እንደሚቻል በዚህ ታወቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሩሲያ ኮልሞጎሮቭ፥ በአሜሪካም ኖርበርት ዊነር፥ ያንኑ አሳብ በጊዜ ውስጥ ለሚለዋወጥ ነገር እንዲሆን አድርገው አስፋፉት። የዊነር ጥያቄ የአውሮፕላንን መንገድ ቀድሞ መገመት ነበር።

በ1960፥ በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ በቡዳፔስት ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ሩዶልፍ ካልማን አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የካልማን ማጣሪያ የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። ጥበቡ ያለፈውን መዝገብ ሁሉ ማስቀመጥ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የመጨረሻውን ግምትና የግምቱን አስተማማኝነት ብቻ ይይዛል፤ አዲስ መለኪያ ሲመጣም እንደየታማኝነታቸው መጠን ያስታርቃቸዋል። በቁጥር ብናየው የተሻለ ይገባል። ቆጣሪው «60 ከመቶ ቀርቷል» ሲል ቮልቱ «50 ነው» ቢል፥ ሁለቱ እኩል የሚታመኑ ከሆነ ፍርዱ 55 ነው። የቮልቱ ጫጫታ በሒሳቡ ሚዛን አራት እጥፍ የበለጠ ከሆነ ግን ፍርዱ 58 ይሆናል። ይህንኑ ዘዴ ስታንሊ ሽሚት የተባለው የናሳ መሐንዲስ ቀጥተኛ ላልሆነ ስሌት እንዲያገለግል አድርጎ አሻሻለው፤ በአፖሎ ጉዞም ወደ ጨረቃ ለተላኩት ሰዎች መንገድ አመላካች ሆነ። ጨረቃን የረገጡት ሰዎች የተጠቀሙበት ሒሳብ ዛሬ በመኪና ባትሪ ውስጥ መሥራቱ እኛን ገርሞናል።

የቀረችው ችግር ግን ታናሽ አልነበረችም። ለዳኛው «ይህ ምስክር ይህን ያህል ይዋሻል» ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው ማን ነው? በመጀመሪያው አሠራር ይህ ቁጥር በፋብሪካ ውስጥ፥ በረጋ ሙቀትና በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ተለክቶ ለዘለዓለም ይጻፋል። ጎዳናው ግን ጠረጴዛ አይደለም። ለዚህ የተሰጠው መልስ ራሱን ከሁኔታው ጋር የሚያስማማ ማጣሪያ ነው። በ1969 ሴጅና ሁሳ፥ በ1970ም መህራ የተባሉት ሊቃውንት መንገዱን በጽሑፍ አሳዩ። አሳቡ እንዲህ ነው። ማጣሪያው በየጊዜው «ቀጥሎ የሚመጣው ቮልት ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ይተነብያል። ከዚያ የመጣውን አይቶ ልዩነቱን ይመዘግባል። የልዩነቱ ስፋት ይጠበቅ ከነበረው በላይ ከሆነና ወዲህም ወዲያም እኩል ከተበተነ፥ ምስክሩ እጅግ የሚንተባተብበት ጊዜ ደርሷልና እምነቱን ይቀንስበታል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ነገሩ ጫጫታ አይደለም፤ በሒሳቡ መዝገብ ውስጥ፥ ወይም በባትሪው መጥበብ ላይ አንድ የተሰወረ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለባትሪ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ምክንያቱም የእርሳስ ባትሪ በቱቦና በመለኪያ የሚመረመር ስለ ነበረ ነው። ሊቲየም ግን አይከፈትም። ዊቲንግሃም፥ ጉድኢነፍና ዮሺኖ የደከሙበት ይህ ባትሪ በ1991 በሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ፤ ሦስቱም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ክዳኑ ታሽጓል፥ የሚቀዳ አሲድ የለውም። በተለይም ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር የተሠራው ዓይነት፥ ርካሽና ጽኑ በመሆኑ በብዙ የቻይና መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው፥ ለመርማሪ በጣም አስቸጋሪ ነው። ከመሞላቱ ጀምሮ እስከሚያልቅ ድረስ ባለው አብዛኛው ክፍል ቮልቱ በ3.2 እና በ3.3 መካከል ብቻ ይንፏቀቃል። የአንድ መቶኛ ቮልት ስሕተት በቀረው መጠን ላይ የብዙ መቶኛ ስሕተት ያመጣል። ሁለተኛው ምስክር ሊናገር የሚችለው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው ማለት ነው። በ2004 ግሪጎሪ ፕሌት የተባለ መምህር በሦስት ተከታታይ ጽሑፎች ሽሚት ያሻሻለውን የካልማን ማጣሪያ ለሊቲየም ባትሪ እንዴት እንደሚያገለግል አብራርቶ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚያስማማውን ማጣሪያ በዚህ ላይ የሚጨምሩ ጥናቶች በብዛት ወጥተዋል።

ነገሩ ወደ አገራችን የመጣው በፍጥነት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ከ100,000 በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በአገሪቱ እንዳሉ በመንግሥት ተገልጧል። ለእኛ ለጅማ ሰዎች ይህ ጥያቄ የመንገድ ጥያቄ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ከድልድዩም በኋላ በአበልቲ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። በቁልቁለቱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ጅረት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዳገቱ ደግሞ እንደ ጐርፍ ያወጣዋል። ሙቀቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፥ ከቆላ ወደ ደጋ ይለዋወጣል። በፋብሪካ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈው የጫጫታ መጠን ጊቤን አያውቅም። አሽከርካሪው ከአበልቲ ዳገት ሥር ቆሞ 30 ከመቶ የሚል ቁጥር ሲያይ፥ ያ ቁጥር እውነተኛ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ከላይ በተናገርነው ዳኛ ብልሃት ነው።

ብልሃቱም የራሱ አደጋ አለው፤ ይህንን ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን አጉድለነዋል። ራሱን የሚያስማማ ማጣሪያ ሁሉንም ነገር በጫጫታ ማሳበብ ይችላል። የባትሪው መጥበብ ምልክት ሲመጣለት «መለኪያው ተንተባተበ» ብሎ ካለፈው፥ እርጅናው ተሸፍኖ ይቆይና መኪናው በመንገድ ላይ ይቆማል። በተቃራኒው የኮረኮንቹን ጫጫታ እንደ እርጅና ከቆጠረው ጤነኛው ባትሪ ያለ ጥፋቱ ይኰነናል። መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ጊዜን መለየት ነው። ጫጫታ በሰከንድና በደቂቃ ይለዋወጣል፥ እርጅና ግን በወራት ነው። ስለዚህ የጫጫታው ግምት ፈጥኖ እንዲማር፥ የጠቅላላው ችሎታ ግምት ግን ቀስ ብሎ እንዲማር ይደረጋል። በእኛ አስተያየት ከጥበቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከትምህርት ክፍል ሒሳብም እጅግ አይርቅም።

ጠቅላላውን ችሎታ ማወቂያው ራሱ ማካፈል ብቻ ነው። ጠቋሚው ከ80 ወደ 30 ከመቶ ሲወርድ 25 አምፔር ሰዓት ወጥቶ ከሆነ፥ 25ን ለግማሽ ስናካፍል ባትሪው 50 አምፔር ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። ነገር ግን የ50 ከመቶው ልዩነት በእውነቱ 45 ወይም 55 ሊሆን ቢችል፥ መልሱ ከ45 እስከ 56 አምፔር ሰዓት ድረስ ይዋልላል። ልዩነቱ አሥር ከመቶ ብቻ ሆኖ ያው አምስት ከመቶ ስሕተት ቢገባበትማ መልሱ ምንም አይረባም። ከዚህም በላይ አካፋዩም ተካፋዩም ጫጫታ አለባቸው። ተራው የጋውስ ዘዴ ስሕተቱን በአንዱ ወገን ብቻ ስለሚያስብ መልሱን ወደ አንድ ወገን ይጐትተዋል፤ ፕሌት በ2011 ሁለቱንም ወገን የሚያስብ ዘዴ ያቀረበው ለዚህ ነው።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለሁለት ለሦስት ቁጥር ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አዎን፥ ለሁለት ለሦስት ቁጥር ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ባትሪው ነው። በዓለም ገበያ ብዙ ፋብሪካዎች ባትሪያቸው በስምንት ዓመት ውስጥ ከ70 ከመቶ በታች እንዳይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። እንግዲህ 71 በተባለውና 69 በተባለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተ ሰብ ጥሪት ሊሆን ይችላል፤ ያ ቁጥር ደግሞ በሚዛን የተመዘነ ሳይሆን በማጣሪያ የተገመተ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ገዢው የባትሪውን ጤንነት የሚያስረዳውን መረጃ ራሱ እንዲያነብ የሚፈቅድለት ለዚህ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት መኪናዎች ብዙዎቹ በነጋዴዎች እጅ እንጂ በፋብሪካው ወኪል በኩል ስላልመጡ፥ በዋስትና የሚጠየቅላቸው ሰው በቅርብ አይገኝም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያየው በመስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ በመጠገኛዎቹ ውስጥ ሥራው መልኩን መለወጥ ጀምሯል። የሊቲየም ባትሪ ልምድ ያለው ኤሌትራውቶ ገዢው በቁሙ አይቶ እንዳይወስን ይመክራል። መኪናው መጀመሪያ መቶ ከመቶ ይሞላ፥ ቮልቱ በዚያ ጫፍ በግልጥ ስለሚናገር ማጣሪያው የተጠራቀመ ስሕተቱን እዚያ ያርማልና፤ ፋብሪካዎችም የብረት ፎስፌት ባትሪ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዲሞላ የሚያዝዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ሌሊቱን ይረፍ። በማግሥቱ እስከ ሃያ ከመቶ ድረስ ይነዳ፥ የወጣው ኪሎዋት ሰዓትም ይጻፍ፤ ለ0.8 ተካፍሎ መኪናው አዲስ በነበረ ጊዜ ይይዝ ከነበረው ጋር ይስተያይ። ሻጩ ለዚህ አንድ ቀን ካልፈቀደ፥ ዋጋው የሚነገረው ባልታወቀ ባትሪ ላይ ነው።